የ100 አመት በዓል በሀዋሳ ግቢያችን፦ ምኑ ሰራ፣ ምኑ ተበላሸ

ኬኩ ሲመጣ ላዩ ላይ "እንኳን ለ100ኛ አመት ልደትዎ አደረስዎ ዶክተር" ይላል። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ በስልክ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ፣ "የዶክተር ነው፣ የመቶ አመት በዓል" ብዬ ነው የዘጋሁት፣ ስለዚህ በኬክ ቤቷ ልጅ አልፈርድም። የጎረቤት ልጆች ግን ኬኩንና ሰውየውን እያፈራረቁ አዩ አዩና አንዷ ጠጋ ብላ እጃቸውን ነካ አደረገች፣ መቶ አመት የሞላው ሰው ቆዳ ምን እንደሚመስል ለማየት መሰለኝ። ሰውየው ያኔ 65 ነበሩ። መቶ የሞላት የተማሩባት ሜዲካል ስኩል ነች።

ይሄን የምፅፈው ከባቻችን (ሜዲካል ስኩል አብረን ከተመረቅነው) አንዱ "የኛን አስረኛ አመት እናክብር እንጂ፣ አንቺ ለዛ ሱዳናዊ ዶክተር ያደረግሽው ነገር ነበር አይደል፣ እንዴት ነው ያደረግሽው?" ብሎኝ በቮይስ ልመልስለት ብዬ 17 ደቂቃ ስለወጣኝ ነው። ሌላም ሰው ይጠቀምበት።

እኔ ጂፒ (ጠቅላላ ሀኪም) ነኝ፣ ሀዋሳ ነው የምሰራው። እናቴ ሪፈራል ሆስፒታሉ አካባቢ ግቢ አላት፣ ሰርቪሶቹን ለተማሪና ለነርሶች ታከራያለች። በ2015 ክረምት አንዱን ክፍል የተከራዩት ከካርቱም የመጡ የህፃናት ሀኪም ነበሩ። ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7፣ በቅዳሜ ሹር ነው፣ እኛ ዶሮ ስንገነጥል ማለት ነው፣ በነሱ ደግሞ ረመዳን ነበር። በመተማ ገቡ፣ ጎንደር ሰነበቱ፣ አዲስ አበባ አልተስማማቸውም፣ የሚያውቁት ሰው "ሀዋሳ ሀይቅ አለ፣ ብርድም የለ" ብሏቸው መጡ። ይዘውት የመጡት አንድ ቦርሳና ስልካቸውን ነው።

አማርኛ ይችላሉ። ያም ገርሞን ነበር። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ገና ተመርቀው ገዳሪፍ አካባቢ፣ ኡም ራኩባ የሚባለው ካምፕ፣ ከኛ ሀገር የሄዱትን ስደተኞች ልጆች ሲያክሙ የለመዱት አማርኛ ነው። ስለዚህ "ስንት ቀን ሆነው?"፣ "ውሀውን አፍልተሽ ስጪው"፣ "ያስመልሰዋል?" ጥርት አድርገው ይላሉ፣ "ቆጣሪ" እና "ቅድሚያ ክፍያ" የሚሉትን ግን ከእናቴ ነው የተማሩት። ደግሞ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የሚሉት። ካምፑ ውስጥ የሚያወሯቸው እናቶቹ ነበሩ እኮ። የኛ ሰፈር ዘበኛ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፣ በኋላ ግን እሱም በቀልድ "አቤት ጌታዬ፣ መጣሁልዎ" ይላቸው ነበር፣ በሴት ድምፅ።

ጥር 2016 ላይ አንድ ማታ ቡና እየጠጣን (ሱዳኖችም ቡናውን ጀበና ነው የሚሉት፣ ዝንጅብል ይጨምሩበታል፣ እናቴ አንዴ ሞክራ ሁለተኛ አልደገመችውም) "የኔ ትምህርት ቤት ዘንድሮ መቶ አመቷ ነው" አሉ። እንዲሁ ዝም ብለው ነው ያሉት። በፈረንጆች 1924 ካርቱም ላይ ኪችነር ሜዲካል ስኩል ተብላ ተከፈተች፣ በ1951 ከጎርደን ኮሌጅ ጋር ተዋህዳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኑ፣ በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ። ልብ በሉ፣ 1924 ማለት በኛ 1916 ነው፣ ራስ ተፈሪ ገና አልጋ ወራሽ ሆነው አውሮፓን የዞሩበት አመት። እኛ ያኔ ሜዲካል ስኩል የሚባል ነገር አልነበረንም። የጎንደሩ የህዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በኛ 1947፣ የአዲስ አበባው የህክምና ፋኩልቲ ደግሞ በፈረንጆች 1964 ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ሀኪማችን የሚባሉት ሀኪም ወርቅነህ እንኳን ከመቅደላ በልጅነታቸው ተወስደው ላሆር ነው የተማሩት። ስለዚህ ከኛ አንጋፋው ጎንደር መቶ የሚሞላው 2047 ላይ ነው። ያኔ እኔ በህይወት ካለሁ በከዘራ ነው የምሄደው።

"ታዲያ አናከብርም እንዴ?" አልኩ። እሳቸውም "ማን ያከብራል? ካርቱም ማን አለ?" አሉ። የባቻቸው ሰዎች ገሚሱ እንግሊዝና አየርላንድ፣ ገሚሱ ሳኡዲ ነው፣ ሀገር ቤት የነበሩት ደግሞ በጦርነቱ ተበትነዋል። እናቴ ናት "ሰው ባለበት ቦታ ይከበራላ፣ ማህበር እኮ ቤት ይቀያየራል" ያለችው። በዚሁ ተጀመረ።

መጀመሪያ የሰራሁት ስህተት፣ እንደ ሀበሻ ደንብ ከባነርና ከቲሸርት ጀመርኩ። ሀይቁ ዳር አዳራሽ ዋጋ ጠየቅኩ፣ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ሎጎ አሰራሁ፣ ፕሮግራም ፃፍኩ፣ "የመክፈቻ ንግግር" ምናምን። ለዶክተር ሳሳያቸው በትህትና አነበቡትና "ስንት ሰው ነን?" አሉኝ። ቆጠርን፣ ዘጠኝ ነን፣ ከዘጠኙ ያንን ትምህርት ቤት ያየው አንድ ሰው ነው። "ታዲያ ምን ይፈልጋሉ?" ስላቸው ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፎቶ አሳዩኝ። በ1983፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ሲመረቁ ደረጃ ላይ ቆመው የተነሱት። አራት ረድፍ፣ 61 ሰው። "የነዚህን ስም ሳልረሳ መፃፍ እፈልጋለሁ" አሉ። አዳራሹን ተውኩት።

ቀኑን ቅዳሜ የካቲት 23 አደረግነው፣ ስራ የለም፣ የአድዋ በዓል ነው። የሰፈሩ ሰው ግቢ ውስጥ ድንኳን ቢጤ ሲያይ ለአድዋ ነው ብሎ አሰበ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ጎረቤታችንማ ነጭ በነጭ ለብሰው ባንዲራ ይዘው መጡ። የትምህርት ቤቷን የድሮ ስም ሲሰሙ "ኪችነር? ይሄ ኦምዱርማን ላይ የፈጃችሁ ጄኔራል አይደለም እንዴ?" አሉ። ዶክተርም "አዎ፣ በፈረንጆች 1898፣ አያቴ እዛ ነበር። ሰውየው በኋላ ባህር ላይ ሲሞት በስሙ ትምህርት ቤት ሰሩልን" አሉ። አስተማሪው ትንሽ አሰቡና "እናንተም እኮ አፄ ዮሐንስን መተማ ላይ..." ሲሉ እናቴ ትሪ ይዛ መሀላቸው ገባች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ከዛ በኋላ አልተላቀቁም፣ እስከ ማታ ደርቡሽና መተማ ነበር ወሬው።

ምግቡን በተመለከተ፣ ይሄ ለማንም የሚጠቅም ነው፣ እንግዳችሁ ሙስሊምም ክርስቲያንም ከሆነ አሳ አድርጉት። ስጋ ካላችሁ ሁለት ድስት፣ ሁለት ባራኪ፣ ሁለት ጭልፋ ነው። አሳ ማንም አይባርከውም። ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሀይቁ ዳር ያለው አሳ ገበያ፣ ወርጄ አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ ወፎች) መሀል ቆሜ ቆሮሶ ገዛሁ፣ እዛው አስበለትኩት፣ እናቴ ግማሹን ጠበሰችው ግማሹን ጉላሽ ሰራችው። የአብይ ፆም ገና ሳምንት ይቀረው ስለነበር በዛ በኩልም ችግር አልነበረም። ከርከዴውን ዶክተር ራሳቸው አፈሉ። ኬኩን፣ አሳውን፣ ህትመቱን፣ ዳታውን፣ ሁሉንም ደምሬ ከአምስት ሺ ብር አላለፈም።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። ሰአት። ለንደንና ደብሊን ላሉት "ከቀኑ 3 ሰአት በናንተ" ተብሎ ተነገረ። ይሄ ሀዋሳ ላይ ከምሽቱ 12 ሰአት ነው፣ ሪያድ ከኛ ጋር እኩል ነው፣ የሱዳን ደግሞ ከኛ በአንድ ሰአት ወደ ኋላ ነው። ዶክተር ለእናቴ "ሶስት ሰአት" ብለዋታል፣ እሷ የሰማችው የኛን ሶስት ሰአት ነው። ከአሞራ ገደል ስመለስ ቡና ተቆልቷል፣ ፈንዲሻ ፈክቷል፣ ስምንት ጎረቤት ተቀምጧል፣ ጠዋት ሶስት ሰአት ላይ! ምን ይደረጋል፣ ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ፣ ማታ እንደገና መጡ። ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር ምንም ነገር ስታዘጋጁ ሰአቱን በየከተማው ዘርዝራችሁ ፃፉ፣ ለሀገር ቤት ሰው ደግሞ "ማታ 12" ብላችሁ ማታውን ጨምሩበት። ቀላል ነገር ይመስላል፣ እኛን ሁለት ዙር ቡና አስከፍሎናል።

ሁለተኛው ዙም ነው። ነፃው ዙም ከ40 ደቂቃ በኋላ ይዘጋል፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ግን ረስቼዋለሁ። ካርዲፍ ያሉት የባቹ አለቃ የነበሩ ሰውዬ የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ስም እያነበቡ መሀል ላይ ድርግም። ከዛ በፊት ደግሞ መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፔ 20 ደቂቃ ነበር የቆየው፣ ቴሌቪዥን ላይ እናሳያለን ያልነው ቀርቶ ስልኬን ስኳር እቃው ላይ አስደግፈን ዘጠኝ ሰው ተጋፍተን ነበር የምናየው። መልሰን ስንከፍት ስድስት ሰው አልተመለሰም፣ አዲሱ ሊንክ አልደረሳቸውም። ከዛ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ኮል ቀየርነው፣ ሰአት አይቆጥርም፣ ደካማ ኔትወርክም ይችላል። ከመጀመሪያው እሱን ብናደርገው ኖሮ። ወይ ደግሞ የተከፈለበት አካውንት ያለው ሰው ይክፈተው፣ ሆስፒታል የሚሰሩት ብዙዎቹ አላቸው። ፓወር ባንክ ቻርጅ አድርጋችሁ አሳድሩ። የሟቾችን ስም ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃ ጨርሱት፣ መሀል ላይ አታስቀምጡት።

ፎቶው ላይ ልመለስ፣ በዓሉ እሱ ነበርና። ያደረግነው እንዲህ ነው። ስቴሽነሪ ወስጄ በኤ3 ሁለት ጊዜ አሳተምኩት፣ አንዱ በከለር፣ እሱን ማንም አይነካውም፣ ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ በርካሽ ወረቀት፣ እሱ ላይ እያንዳንዱ ሰው ደረት ላይ ቁጥር ፃፍን፣ ከ1 እስከ 61፣ ከላይኛው ረድፍ ከግራ ጀምሮ። ከዛ አንድ ደብተር፣ አራት አምድ፦ ቁጥር፣ ስም፣ የት ነው፣ ማን ነገረን። ከበዓሉ በፊት በነበሩት ሶስት ሳምንታት ዶክተር ብቻቸውን 40 ስም ሞሉ። ማታ ማታ እናቴ መነፅሯን አድርጋ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ጣቷን ፊት ላይ ታደርግና "ይሄኛውስ?" ትላለች። "ሞቷል።" "ይህችስ? ቆንጆ ናት።" "ጅዳ ነች፣ አያት ሆናለች።" "ይሄ ፂማሙስ?" "አይታወቅም።" እናቴ "አይታወቅም" ሲባል ከንፈሯን ትመጥና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፣ ግን ቁጥሩን ትይዘዋለች። 34 ቁጥር። 34 ምን ሆነ እያለች በየጊዜው ስትጠይቅ ነበር።

አራተኛውን አምድ፣ "ማን ነገረን" የሚለውን፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ከዋርድ (ከሆስፒታል ተኝቶ ህክምና ክፍል) ልምድ ነው፣ ሂስትሪ (የበሽታውን ታሪክ) ስትወስድ ማን እንደነገረህ ትፅፋለህ አይደል፣ በሽተኛው ነው ወይስ አስታማሚው። በኮሉ ላይ 34 ቁጥር ሲጠራ ሪያድ ያለው "አላህ ይርሀመው፣ ግንቦት ላይ ነው የሞተው፣ ኦምዱርማን" አለ። ሁሉም ዝም አለ፣ እኔም ልፅፍ እስክሪብቶ አነሳሁ። ደብሊን ያለችው ሴትዮ "የምን ሞት? ጥር ላይ አውርቼዋለሁ፣ ፖርት ሱዳን ነው ያለው!" አለች። ጭቅጭቅ ሆነ። የሞተው ለካ የአጎቱ ልጅ ነው፣ ስማቸውም የአያታቸው ስምም አንድ ነው። በሶስተኛው ቀን 34 ራሳቸው ቮይስ ላኩ፣ ዶክተር አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት፣ አምስት ጊዜ ይሆናል፣ እኔ ከአረብኛው አንድ "ሀቢቢ" ብቻ ነው የገባኝ። እና እባካችሁ በአንድ ሰው ቃል "ሞቷል" ብላችሁ እንዳትፅፉ። ሁለት ሰው እስኪናገር በእርሳስ ፃፉት።

ሌላ ያልጠበቅነው ነገር። ዶክተር ዲግሪያቸውን ካርቱም ጥለውት ነው የወጡት፣ ቤቱ ይኑር አይኑር አያውቁም። እዚህ ሳሉ ፈቃድ ስላልነበራቸው አይሰሩም ነበር፣ የሰፈር እናቶች ልጅ ይዘው ሲመጡ እንኳን ግንባሩን ዳሰስ አድርገው "ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ዛሬውኑ" ነበር የሚሉት፣ መድሀኒት አይፅፉም ነበር። ታዲያ ደብሊን ያለችው ሴትዮ የምረቃ ቀን የታደለውን የስም ዝርዝር ይዛዋለች፣ በ1983 የታተመ፣ ስካን አድርጋ ላከችው። እንደ ዲግሪ ማስረጃ አይሆንም፣ ያንን እናውቃለን። ግን ስማቸው በህትመት አለ፣ አመቱ አለ፣ እና የመጀመሪያው ማመልከቻቸው ላይ አባሪ ሆኖ ሄደ። 41 አመት ሙሉ አንዲት ሴት መሳቢያ ውስጥ የቆየ ወረቀት ነው።

ያን ሳይ ማታውኑ የራሴን ፈተሽኩ። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) የት ነው? እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአልጋ ልብስ ስር። ትራንስክሪፕት? አንድ ኮፒ። ላይሰንስ በስልክ ፎቶ፣ ያውም ጣቴ ገብቶበት። ስለዚህ አሁን ቁጭ ብላችሁ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የስራ ፈቃድ፣ የኢንተርንሺፕ ወረቀት፣ የስራ ልምድ፣ በስልክ ካሜራ ሳይሆን በስካነር፣ በፒዲኤፍ፣ አንዱን ኢሜላችሁ ላይ፣ አንዱን ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ፣ አንዱን ሌላ ከተማ ላለ ወንድም ወይ እህት ላኩ። ስልክ ላይ ብቻ ያለ ፋይል ስልኩ የተሰረቀ ቀን አብሮ ይሄዳል። ኦሪጅናሉን ደግሞ ላሚኔት አታስደርጉ። ማህተም ሊመታበት ሲፈለግ ፕላስቲክ ላይ አይመታም፣ ሲልጡት ደግሞ ቀለሙን ይዞት ይነሳል፣ የክፍሌ ልጅ ላይ ደርሷል።

የባቻችንን ነገር ለጠየቀኝ ልጅ። የኛን የምረቃ ፎቶ አውጥቼ ያንኑ ሞከርኩ። ከተመረቅን ገና ዘጠኝ አመታችን ነው፣ ስድስት አመት አንድ ክላስ፣ ፒሲ ዋን (አናቶሚ የምንማርበት አመት) ላይ ካዳቨር (የመማሪያ አስከሬን) ዙሪያ አብረን የተጋፋን፣ ዲዩቲ (ተረኝነት) የተቀያየርን ሰዎች፣ 14ቱን በስም መጥራት አቃተኝ። መልካቸውን አውቃለሁ፣ ማን ዶርም እንደነበሩ አውቃለሁ፣ አንዱ ራውንድ ላይ (በሽተኞች ጋ እየዞርን ስንማር) ሲጠየቅ የሚያደርገውን ሳል ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ስሙ የለም። ቅፅል ስም ብቻ ነው የቀረው፣ ያውም የማይፃፍ። ዶክተር ከ40 አመት በኋላ 40 ስም የጠሩት ግን እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው፣ "እኛ ስልክ አልነበረንም፣ ሰው ለመፈለግ ስም መያዝ ነበረብን" አሉኝ።

ስለዚህ አስረኛው አመት ላይ አዳራሽና ቲሸርት ከፈለጋችሁ አድርጉ፣ አልከለክልም፣ እኔም ቲሸርት እወዳለሁ። ግን ከወር በፊት ፎቶውን ቁጥር ስጡትና ግሩፑ ላይ ልቀቁት፣ በየቀኑ አንድ ረድፍ። ያስተማሩንን ሲኒየሮች፣ በተለይ የድሮዎቹን፣ የአናቶሚ ክፍሉን ሰራተኛ ሁሉ፣ ሄዳችሁ በስልክ ቅዱ፣ አስር አስር ደቂቃ ይበቃል፣ መጀመሪያ ላይ ስማቸውንና ቀኑን ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጉ፣ አለበለዚያ ከአምስት አመት በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ አታውቁትም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይይዘዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቢሮ ሲቀያየር የመጀመሪያው የሚጣለው ካርቶን የፎቶ ካርቶን ነው፣ በአይኔ አይቻለሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ብር መሰብሰቡን ለአንድ ሰው ስጡ፣ በቴሌብር ይሁን፣ ስክሪንሾቱ እዛው ግሩፕ ላይ ይለጠፍ፣ ከዛ በላይ ኮሚቴ አያስፈልግም።

ዶክተር ባለፈው አመት ልጃቸው ጋ፣ ጅዳ ሄዱ። ደብተሩን ይዘውት ነው የሄዱት፣ ቁጥር የተፃፈበት ወረቀት ግን እኛ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቀርቷል፣ እናቴ አላነሳም አለች። 59 ሞልቷል፣ የቀሩት 12 እና 47 ነበሩ። ባለፈው ወር ደወሉ፣ እኔ ሳላነሳ እናቴ አነሳች፣ እንደ ልማዳቸው ሰላምታው ረጅም ነው፣ ከዛ "12 ተገኘ፣ ካናዳ ነው፣ የልጅ ልጁን ፎቶ ልኮልኛል" አሏት። እልል ብላ ተቀበለቻቸው፣ ከዛ ወደ ግድግዳው ዞረችና "47ስ?" አለች።